ተረከዙ የነገረው

ኦይቫ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሸሚዙ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳይቋጥር ወደ ደጅ ወጣ። ዘጠኝ የበረዶ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሲወጣ ኖሯል። ያዘዘው የለም፣ የሚያመሰግነውም የለም። ሚስቱ ኢርሜሊ በብስክሌት ሰባት ኪሎ ሜትር ሄዳ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ ትገባለች፤ እሱ ደግሞ ከመነሳቷ በፊት መንገዱን ይፈትንላታል። «ሂጂ» ካላት ትሄዳለች፤ «ቅሪ» ካላት ደውላ ትቀራለች። የጣውላ ፋብሪካው ካሰናበተው ወዲህ በዚህ ምድር ላይ ቃሉ የሚከበርበት ነገር ይቺው አንዲቱ ብቻ ነበረች።

አፈታተኑ የራሱ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ያየዋል እንጂ አያምነውም። መጀመሪያ አየሩን በአፍንጫው ይስባል፤ የአፍንጫው ጠጉር እርስ በርሱ ከተጣበቀ ውርጩ የምር ነው። ከዚያ መንገዱ ላይ ይወርድና በተረከዙ ይመታዋል። በረዶው ቅርጭ ቅርጭ ካለ ደህና ነው፣ ጎማ ይነክሰዋል። ታፍኖ ድም ካለ አዲስ የወረደ ነው፤ ቢያደክምም አይጥልም። እንደ ብርጭቆ ከጮኸ ግን ያ መንገድ አይደለም፣ መስታወት ነው። መስታወት ላይ ደግሞ ጤነኛ ሰው አይነዳም። የመንደሩ ሰው ክንዱን ሲሰብር፣ ዳሌውን ሲያወልቅ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ፣ ኢርሜሊ አንድ ቀን እንኳ ጉልበቷ ተልጦ አያውቅም።

የዚያን ቀን ተረከዙን ሲሰነዝር መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ።

ማታ ዘንቦ ነበር። በጥር ዝናብ የሚዘንብበት ዘመን መጥቷል። ዝናቡ የደረቀ በረዶ ላይ ወርዶ፣ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ውርጩ ከላይ መጣበትና እንደ ጥሩ ቫርኒሽ አደረቀው። ኦይቫ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ደግሞ መታው። ያው ነው። በመንገዱ ላይ የጎረቤት መብራት ተኝቶበታል፤ ጺም ቢላጩበት ያሳያል።

መብራቱ የታውኖ ነው። ታውኖ መኪናውን የሚያቆመው ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ነው። በየማለዳው አስር ተኩል ሲሆን ምሰሶው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት በራሷ ትበራለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በገመዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሞተሩንም ወንበሩንም ያሞቃል። አስራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ታውኖ ወጥቶ ገመዱን ይነቅልና ወደ ፋብሪካው ይነዳል። በመጦሪያ ቤቱ በር ነው የሚያልፈው። ብቻውን ነው የሚያልፈው። ሦስት ባዶ ወንበር ከኋላ፣ አንድ ባዶ ወንበር ከጎኑ።

ይህን ኦይቫ እንደማያውቅ ሰው መስሎ ነው የሚኖረው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ሠራተኛው ሁሉ ቡና ሊጠጣ በተቀመጠበት፣ ታውኖ ወረቀት ይዞ ገባ። የፈረቃው ኃላፊ ስለነበር የተቀናሾቹን ስም እንዲያነብ የታዘዘው እሱ ነው። አስራ አንድ ስም አነበበ። የኦይቫ አራተኛው ነበር። እስከዚህ ድረስ ኦይቫ ይችለዋል፤ ሰው የታዘዘውን ያነባል። ያልቻለው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሰው ሁሉ ኩባያውን ይዞ በሚሰማበት፣ ታውኖ ወረቀቱን እያጠፈ «ኦይቫ፣ የሥራ ጃኬቱን አጥበህ መልስ» አለው። ለሌሎቹ አስሩ አላለም። ለእሱ ብቻ ነው ያለው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው፣ እንደ ቆሻሻ ልጅ፣ አጥበህ መልስ። ኦይቫ ጃኬቱን ሁለት ጊዜ አጠበ፣ በካውያ ተኮሰ፣ አጥፎ የዘበኛው መስኮት ላይ አስቀመጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከታውኖ ጋር ሰላምታ የለውም። ቤታቸው ትይዩ ነው፤ በመሀላቸው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ባለፈው ክረምት ታውኖ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ኢርሜሊን «ግቢ፣ ላድርስሽ» ብሏት ነበር። አልገባችም። ማታ በራቸውን አንኳኳ።

«ሚስትህ በዚህ ብርድ እየሄደች እኔ ባዶዬን አልፋለሁ» አለ። «ነገሩ ምንድን ነው?»

ኦይቫ በሩን በግማሽ ይዞ «ሚስቴ መንገድ ላይ ወድቃ ብታያት እንኳ አልፈሃት ሂድ» አለው። ኢርሜሊ ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር። ታውኖ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ብሎ ሄደ።

ኦይቫ ከመንገዱ ተመልሶ ወጥ ቤት ሲገባ ኢርሜሊ የአጃ ገንፎዋን ጨርሳ፣ ካልሲ ላይ ካልሲ እየደረበች ነበር።

«እህስ፣ ፈታኙ?» አለችው። «አለፈ ወይስ ወደቀ?»

«ይጮኻል።»

«በጣም ነው የሚጮኸው ወይስ እንዳንተ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። «መስታወት ነው» አላት። «እንዳያንሸራትት ጠጠር የሚበትነው መኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይመጣም።»

«እንግዲያው ደውዬ ልቅር?» ካልሲዋን ይዛ ቆመች። «ዛሬ ግን የሌሊት ተረኛዋ ልጇ ታሞባታል። እኔ ሳልደርስ መውጣት አትችልም።»

ኦይቫ አሰበ። ቅሪ ሊላት ነበር። ይህን በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያስታውሰው እግዜር ይወቅ፤ «ቅሪ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች።

«ወይስ» አለች ኢርሜሊ፣ ዓይኗን ከካልሲው ሳታነሳ፣ «ታውኖን ልጠይቀው? ለዛሬ ብቻ። አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

ኦይቫ በመስኮቱ ወደ ቀይዋ መብራት ተመለከተ። ታውኖ በር ሲከፍትላት ታየው። «እንደምን አደርሽ፣ ግቢ» ሲላት ታየው። ነገ ፋብሪካው ውስጥ፣ ኩባያ በተያዘበት፣ «የኦይቫን ሚስት እኔ ነኝ የማመላልሳት» ሲል በጆሮው ሰማው። ቂም ከቆየ በሽታ ነው ይላሉ፤ የበሽታው ክፋት ግን ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ መማሉ ነው።

«ትችያለሽ» አላት።

«አሁን መስታወት ነው አላልክም?»

«ጎማሽ አዲስ ነው። ማታ ስድሳ ቪቴ ነው የጨመርኩበት። ቀስ ብለሽ ንጂ። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ውረጂና ግፊው። የፊቱን ፍሬን እንዳትነኪ፣ የኋላውን ብቻ።»

ኢርሜሊ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ምን እንደሚያስብ ታውቃለች፣ እንደምታውቅም ያውቃል። «አንተ ካልክ» አለች።

የጎማው ነገር እውነት ነው። የበረዶ ጎማ ከሱቅ መግዛት አይወድም። ተራ ጎማ ወስዶ ከውስጥ ወደ ውጭ አጫጭር ቪቴ፣ ጥምዝ ሚስማር፣ ይተክልበታል፣ ሾሉ መሬቱን እንዲነክስ። የቪቴው ራስ ውስጡን እንዳይበሳ አሮጌ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ስስ ጎማ፣ ቀዶ ይለብጥበታል። እንዲህ ያለ ጎማ የሚሠራ በዚያ መንደር ሌላ የለም። ማታ የሠራው ግን እንደ ልማዱ የማገዶው ቤት ውስጥ አልነበረም። የማገዶው ቤት በር ወደ ታውኖ ወጥ ቤት መስኮት ነው የሚከፈተው። ትናንት ማታ ታውኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እራት ይበላ ነበር። ኦይቫ በዝናብ፣ በእጅ ባትሪ፣ አሮጌ ጎማ ሲጠግን እንዲታይ አልፈለገም። ስለዚህ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ ካለው ሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ልብስ የሚወልቅበት ክፍል አስገባው። ሳውናው ነድዶ ነበር፤ ክፍሉ እንደ ጡት ይሞቃል። ጎማውን እዚያው ሠራ፣ ገጠመ፣ ሲደክመውም እዚያው አሳደረው።

አሁን አወጣላት። ግቢው ውስጥ ገፋ አደረገና ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጠ። የኋላው ፍሬን የሚሠራው በዚህ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ያዘ። «ይኸው» አለ። የፊት መብራቷን አበራላት። ኢርሜሊ ቦርሳዋን ከኋላ አሰረች፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

«ስደርስ እደውላለሁ» አለች። ጎማው በረዶውን ጭርር እያደረገ እየነከሰ ሄደ። ደስ የሚል ድምፅ ነው። ኦይቫ ቀይዋ የኋላ መብራት ከበርች ዛፎቹ ጀርባ እስክትጠፋ ቆሞ አዳመጠው።

ከዚያ ቡናውን አፍልቶ ጠጣና መሣሪያዎቹን ሊሰበስብ ሳውናው ውስጥ ገባ።

መብራቱን ሲያበራ ወለሉ ላይ ውሃ አየ። ኩሬ ነው የሚባለው፤ የኋላው ጎማ በቆመበት ቦታ ልክ፣ እንደ ሳህን ክብ። ቀኑን ሙሉ ፍሬኑ ባለበት በጎማው እምብርት ላይ የተጋገረው በረዶ በሙቀቱ ሟሙቶ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ አድሯል። ወለሉ ላይ የወረደው ይህ ነው። ወደ ውስጥ የገባውስ?

ኦይቫ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

ይህን የዚያ አገር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ብስክሌት ቤት አይገባም። ብርድ ውስጥ ይደር፣ ደረቅ ይደር፣ ይባላል። ሙቀት ካየ ውሃው ወደ እምብርቱ ይገባል፤ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይመስላል፣ ፍሬኑም ይይዛል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ውስጡ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ያን ጊዜ ፔዳሉን ወደ ኋላ ብትረግጠው ባዶውን ይዞራል። ኦይቫ ራሱ ለስንቱ ነግሯል። ለኢርሜሊ ራሱ ነው የነገራት። ግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ ረግጦ «ይኸው» ያላት ፍሬን ገና ያልቀዘቀዘ ፍሬን ነበር።

ድልድዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቁልቁለቱ ከወዲያ ማዶ ነው።

ስልክ ደወለ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዘጋ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ከምሳዋ ሥር። ደግሞ ደወለ።

የታውኖ በር ተከፈተ። ኦይቫ በሳውናው ትንሽ መስኮት አየው። ታውኖ እየተንሸራተተ፣ የበረንዳውን መደገፊያ ይዞ ወረደ፤ ምሰሶው ጋ ደርሶ ገመዱን ነቀለ፣ በክርኑ ላይ ጠመጠመው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በሩን ከፈተ፣ ውስጥ ያለው መብራት ፊቱ ላይ በራ። አርጅቷል። ኦይቫ እንዲህ ተጠግቶ ካየው ቆይቷል።

ሃያ እርምጃ ነው። ሄዶ መስኮቱን ማንኳኳት ነው። «ኢርሜሊ መንገድ ላይ ናት፣ ፍሬኗ አይሠራም፣ ድልድዩ ሳትደርስ ያዛት» ማለት ነው። ለዚህ አስር ቃል አይፈጅም። ኦይቫ እጁን የበሩ መቀርቀሪያ ላይ አደረገ። መቀርቀሪያው ብረት ነው፤ ከደጅ የገባው ቅዝቃዜ መዳፉን ያዘው።

ከዚያ ይመዝን ጀመር፤ በረዶን እንደሚመዝን። ወርዳ ትገፋዋለች፣ አዎ። ጠንቃቃ ሴት ናት። ምናልባት ውሃው አልገባ ይሆናል። ምናልባት ውስጡ ያለው ቅባት አላስገባው ይሆናል። ስድሳ ቪቴ አለ። ዘጠኝ ክረምት ምንም አልሆነችም። በሌላው በኩል ደግሞ እሱ፣ ኦይቫ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ እየሮጠ፣ የታውኖን መስኮት ሲመታ። «አልፈሃት ሂድ ብዬህ ነበር፤ አሁን ግን እባክህ።» ታውኖም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲያየው።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የኋላ መብራቱ በበርች ዛፎቹ መሀል አለፈና ጠፋ። ኦይቫ እጁን ከመቀርቀሪያው አነሳ።

«ታውቅበታለች» አለ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ። ጨርቅ አምጥቶ ተንበርክኮ ወለሉን አደረቀ።

አስራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ አልደወለችም። አንድ ሰዓት ሆነ። ጠጠር የሚበትነው መኪናም ገና አልመጣም። ወደ መጦሪያ ቤቱ ሲደውል የሌሊት ተረኛዋ ናት ያነሳችው፤ «አልደረሰችም፣ እኔም እሷን እየጠበቅኩ ነው» አለችው፤ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ሲጣራ ይሰማል። ብስክሌት ይዞ እንዳይወጣ የነበራቸው አንድ ብስክሌት እሷ የወሰደችው ነው። በእግሩ ወጣ። መቶ ሜትር ሳይሄድ ሁለቴ ወደቀ፤ በሦስተኛው ተነስቶ ሊቀጥል ሲል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሴት ነች፣ ከአምቡላንስ ውስጥ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው ያገኛት። ጭኗ ከዳሌው አጠገብ ተሰብሯል። ወደ ኦውሉ ከተማ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። ትናገራለች? ትናገራለች። ብርድ ላይ ብዙ ቆይታለች።

ኦውሉ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ የጠዋቱ አውቶቡስ አልፏል፣ ሌላው እስከ ስድስት ሰዓት የለም። ኦይቫ ቤቱ ተመልሶ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳህኗ ላይ የገንፎው ጥግ ደርቋል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ታውኖ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ፋብሪካው ድረስ ተሰማ» አለ። «ልወስድህ መጣሁ።»

ኦይቫ በሩን በግማሽ ይዞ ቆመ።

«አይቻት ነበር» አለ ታውኖ። «ከድልድዩ ማዶ። መብራቷን ነው ያየሁት፣ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ። የብስክሌቷን ካቴና የምታስተካክል መሰለኝ።»

«አላቆምክም።»

«አላቆምኩም።» ታውኖ ኮፍያውን አገላበጠ። «ያልከኝን ታውቃለህ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። ይኼ ኦይቫ ደግሞ በር ላይ መጥቶ ያዋርደኛል ብዬ አለፍኩ። ካለፍኳት በኋላም በመኪናው መስታወት አየሁ፣ መብራቱ አልተነሳም። እሱንም አልዋሽህም።»

ኦይቫ የሚሰድበው ቃል ፈለገ፤ ዘጠኝ ዓመት ያከማቸው ስድብ ነበረው። አንዱም አልመጣም። እሱም እጁን መቀርቀሪያ ላይ አድርጎ ያነሳ ሰው ነው፤ ልዩነቱ ታውኖ ተናገረው፣ እሱ ግን ወለል አደረቀ። ካፖርቱን ለበሰና ወጣ። የኋላውን በር ከፍቶ ከኋላ ተቀመጠ። ታውኖ ሞተሩን አስነሳ።

ወንበሩ ሞቃት ነበር። መንገዱ ላይ ጠጠሩ ተበትኖ ጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል። ድልድዩን ሲያልፉ ብስክሌቱ ከመከላከያው ብረት ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ሰው አንስቶ አቁሞታል። ሁለቱም አዩት። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ኦይቫ አፉን ከፈተ።

«ጃኬቱን አጥቤ ነው የመለስኩት» አለ።

ታውኖ በመስታወቱ አየው። «የቱን ጃኬት?»

«የፋብሪካውን። አጥበህ መልስ ብለኸኝ ነበር። ሰው ፊት።»

ታውኖ ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ ከልቡ ነው የሚያስበው። «አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «ብዬህ ይሆናል። የዚያን ቀን ያልኩትን አንዱንም አላስታውስም፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር።»

ኦውሉ ሲደርሱ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረደው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ኮሪደር ላይ አቁማ ነገረችው። የኢርሜሊን ጭን ዛሬውኑ በብረት እንደሚያያይዙት፣ መራመድ እንደምትችል፣ እንደ በፊቱ ግን እንዳይጠብቅ። የቀኝ እጇ የከፋ ነው። ስልኳን ለማውጣት ጓንቷን አውልቃ፣ ጓንቱ ተንሸራቶ ሄዶባታል። «የሦስቱ ጣቶቿ ጫፍ የሚተርፍ አይመስለኝም» አለች። «እርስዎ ሲገቡ ስለ ጣቶቿ አያንሱባት።»

ኢርሜሊ ትራስ ላይ ትንሽ ሆና ታየችው። እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«ወርጄ ገፋሁት» አለች፣ ሳይጠይቃት። «የድልድዩን ዳገት እንዳልከኝ ወርጄ ነው የገፋሁት። ግን እግሬ ከጎማው የባሰ ያንሸራትተኛል። አናቱ ላይ ስደርስ ተመልሼ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩት።» ቆመች። «ባዶ ነበር፣ ኦይቫ። እንደ ስፌት መኪና ዝም ብሎ ዞረ።»

«ውሃ ገብቶበት ነው።»

«ውሃ ከየት?»

ኦይቫ የአልጋውን ብረት ያዘ። «ሳውናው ውስጥ አሳደርኩት።»

ለምን አላለችውም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ የማገዶውን ቤት በር፣ የታውኖን መስኮት፣ ሁሉንም በጨለማ ውስጥ ስታየው ያየ መሰለው። እንደተኛች መስሎት ሊነሳ ሲል ተናገረች።

«አውቶቡስ አልነበረም። በምን መጣህ?»

«ታውኖ ነው ያመጣኝ።»

«በእሱ መኪና?»

«በእሱ መኪና።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ ገና አሁን እየነጋ ነበር፤ ግራጫ፣ ሰነፍ ብርሃን።

«ይሞቃል?» አለችው።

«ይሞቃል» አላት።